ከመርከብ ወደ አምባ፤ የክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንማር ብዙ ጊዜ በአእምሯችን የሚቀረው የተወለዱበትና የሞቱበት ዓመት፣ ድል ያደረጉበትና ድል የሆኑበት ጦርነት ነው። ክሪስቶፎር ዳ ጋማንም በዚሁ ዐይነት እናውቀዋለን። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን 400 የፖርቱጋል ወታደሮችን አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ፣ ከኢማም አሕመድ ጋር የተዋጋ፣ በመጨረሻም ተማርኮ የተገደለ ጐልማሳ መሆኑን ሁላችንም ከታሪክ መጽሐፋችን ተምረናል።

እኔ ግን ይህን ሰው በዚህ ገጽ ላይ ለማንሣት የፈለግሁት ሌላ ነገር አስገርሞኝ ነው። ክሪስቶፎር የባሕር ሰው ነበረ። የባሕር ሰው ልጅና የባሕር ሰው ወንድምም ነበረ። ሰዎቹም በመርከብ የኖሩ፣ ከወደብ ወደ ወደብ የሚሻገሩ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን መርከባቸው ትቷቸው ሄደና በደጋ አገር፣ በገደልና በአምባ መካከል ቀሩ። ከዚያ በኋላ እንዴት ኖሩ? የባሕሩ ልማድ በየብስ ምን ጠቀማቸው? ምንስ ጎዳቸው? የዚህ ጥያቄ መልስ ደግሞ በከፊል የሚገኘው እኛ በምንኖርበት በስሜን ምድር ነው። ክሪስቶፎር በሕይወቱ ያገኛት የመጨረሻዋ ድል በስሜን አምባ ላይ ናት፤ ከሞቱ የተረፉት ጓደኞቹም የተጠለሉት በዚሁ በስሜን ነው። ስለዚህ በደባርቅ ወይም በዳባት ለሚማር ተማሪ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም።

ክሪስቶፎር የተወለደው በ1508 ዓ.ም. ገደማ በፖርቱጋል ነው። አባቱ በ1490 ዓ.ም. የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ ሕንድ የደረሰው ስመ ጥሩው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ ነው። ይህ ታላቅ አባት በ1517 ዓ.ም. በሕንድ አገር ሲሞት ልጁ ገና የስምንት ዓመት ያህል ሕፃን ነበረ። የአባቱን ፊት ጠግቦ ሳያይ የአባቱ ዝና ግን ከቤት እስከ አደባባይ ከበበው። እንዲህ ያለ ስም የወረሰ ልጅ ከባሕር በቀር ወዴት ይሄዳል? ዕድሜው 16 ዓመት ገደማ ሲሆን ከወንድሙ ከኢስቴቫኦ ጋር ወደ ሕንድ ሄደ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ በ1530 ዓ.ም. እንደ ገና ተሳፈረ። በመርከብ ላይ በነበረበት ዘመን ፈጥኖ በማሰብና ፈጥኖ በመወሰን ጓደኞቹን ከብዙ አደጋ አድኗል ይባላል። ወንድሙ ኢስቴቫኦ በሕንድ የፖርቱጋል ገዥ በሆነ ጊዜም በዚሁ ችሎታው ከመርከቦቹ የአንዲቱን አዛዥነት ሰጠው።

የመርከብ ኑሮ ምን እንደ ሆነ ላላየን ለእኛ ለደገኞች ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። በመርከብ ላይ ውኃው በበርሜል፣ እንጀራው በሚዛን ነው። የሁሉም ሕይወት በአንድ እንጨት ላይ ስለ ሆነ የአዛዡ ቃል አይመለስም። ማዕበል ሲነሣ ሸንጎ ተቀምጦ የሚመክር የለም፤ ሸራውን አውርድ ሲባል ወዲያው ማውረድ ነው። ጉዞውም በሰው ፈቃድ ብቻ አይሆንም። በሕንድ ውቅያኖስ ነፋሱ ከዓመቱ እኩሌታውን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እኩሌታውን ወደ ሌላው ይነፍሳልና ጊዜው ያመለጠው መርከብ ወራት ይጠብቃል። ክሪስቶፎር ያደገው በዚህ ሥርዐት ነው።

በዚያ ዘመን አገራችን በከባድ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በ1521 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግል በሽምብራ ኩሬ በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ከተሸነፉ በኋላ ጦርነቱ ወደ ሰሜን እስከ ትግራይና እስከ ባሕረ ነጋሽ አገር ደረሰ። በሁለቱም ወገን የተጋደሉት በአንድ ምድር የበቀሉ ሕዝቦች ናቸው፤ መከራውም ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ከፖርቱጋል ንጉሥ ርዳታ ለመኑ። ነገር ግን ርዳታው ሳይደርስ በ1533 ዓ.ም. መግቢያ በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ዘውዱን የወረሱት ልጃቸው ገላውዴዎስ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 18 ወይም 19 ዓመት ነበረ። እኛ የክፍል ፈተና በሚያስጨንቀን ዕድሜ እሳቸው ወታደር የሌለው መንግሥት ተሸክመው ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው ይሸሹ ነበር ማለት ነው።

በ1533 ዓ.ም. በየካቲት ወር የኢስቴቫኦ መርከቦች ከሕንድ ተነሥተው ምጽዋ ደረሱ። ዋናው ዐላማቸው በስዊስ ያሉትን የቱርክ መርከቦች ማቃጠል ነበረ። ኢስቴቫኦ ወደ ስዊስ ሄዶ ሐሳቡ ሳይሳካለት በግንቦት ወደ ምጽዋ ሲመለስ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ የርዳታውን ልመና አቀረቡለት። እሱም 400 ሰዎች መርጦ፣ ነፍጥ፣ ጥቂት መድፍ፣ ባሩድና ልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ጨምሮ፣ ታናሽ ወንድሙን አዛዥ አድርጎ ሾመላቸው። ሐምሌ 15 ቀን 1533 ዓ.ም. ክሪስቶፎር ዛሬ በኤርትራ ከምትገኘው ከምጽዋ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ደጋው ጉዞ ጀመረ፤ የወንድሙ መርከቦችም ወደ ሕንድ የሚያደርሰው ነፋስ ሳያልፋቸው ሸራቸውን ገለጡ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ በኋላ አልተያዩም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ 400ው ሰዎች የየብስ ሰዎች ሆኑ። የመጀመሪያው ፈተናቸው መንገዱ ነበረ። በባሕር ላይ አንድ መድፍ ከቦታ ወደ ቦታ የሚወስደው መርከቡ ራሱ ነው፤ በየብስ ግን የሰው ትከሻና የበቅሎ ጀርባ ነው። ከቈላው ሙቀት ወጥተው ድባርዋ ሲደርሱ ክረምቱ ደረሰባቸው። አገሬውም ዝናቡ ሳያባራና ወንዙ ሳይጎድል ዘመቻ እንደማይሞከር ነገራቸው። ክሪስቶፎር ይህን ምክር ሰማ። በባሕር ነፋስን መጠበቅ የተማረ ሰው በየብስ ክረምትን መጠበቅ አልከበደውም ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ በእነዚያ የዝናብ ወራት ሰዎቹ እንጨት እየጠረቡ መድፎቹ የሚጎተቱባቸውን መሣሪያዎች ሠሩ። መርከብ መጠገን የለመደ እጅ በየብስም ሥራ አላጣም።

ሁለተኛው ነገር እቴጌ ሰብለ ወንጌልን ለመቀበል የተደረገው ነው። የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ተጠግተው ነበር። ደብረ ዳሞ እስከ ዛሬ ድረስ የሚወጣው በገመድ ነው። እቴጌይቱን ለማምጣት የተላኩት ፖርቱጋሎች ያን ገደል በገመድ ተጎትተው ወጡ። ለሌላ ሰው አስፈሪ የሆነው ገመድ የመርከብ ምሰሶ ሲወጣና ሲወርድ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንም። እቴጌይቱ ከአምባው ወርደው ከሠራዊቱ ጋር ሲገናኙ ክሪስቶፎር በታላቅ ክብር ተቀበላቸው፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ በጦርነቱ ሁሉ ከሠራዊቱ አልተለዩም። የእሳቸው መኖር ለእንግዶቹ ከመድፍ የማያንስ ጥቅም ነበረው። ገበሬው ቋንቋውን ለማያውቀው ለነጭ ወታደር እህሉንና በሬውን የሚያመጣው በእቴጌይቱ ስም ነበርና።

በታኅሣሥ ወር 1534 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከድባርዋ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ተጓዘ። የካቲት 8 ቀን በአምባ ሰናይት የኢማሙ ወታደሮች የያዙትን አምባ ወጋና ያዘ። በሚያዝያ ወር ደግሞ ከኢማም አሕመድ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ከጦርነቱ በፊት ስለ ተደረገው የመልእክት ልውውጥ የሚነገረው እንዲህ ነው። ኢማሙ የፖርቱጋሎቹ አለቃ ልጅ እግር መሆኑን ንቆ፣ ለመነኵሴ የሚሆን ቆብና መቁጠሪያ ላከለት፤ ለጦርነት ሳይሆን ለገዳም ትሆናለህ ለማለት ነው። ክሪስቶፎርም በመልሱ ትልቅ መስተዋትና ቅንድብ የሚነቀልበት ወረንጦ ላከ፤ ይህም እንደ ሴት ተኳኵለህ ተቀመጥ ማለት ነው። ስድቡ ለሁለቱም የሚያስመሰግን አይደለም፤ ሆኖም የሁለቱን ኩራት በደንብ ያሳያል። በዚያ ወር በተደረጉት ሁለት ውጊያዎች ኢማሙ እግሩን በጥይት ቈሰለ፤ በሁለተኛው ውጊያ ሊማረክ ጥቂት ቀርቶት አመለጠ።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ክረምት መጣ። ክሪስቶፎር ከአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በወፍላ ሰፈረ። በዚህ ክረምት ሁለቱ ባላጋራዎች የሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። ኢማም አሕመድ ከባሕሩ ማዶ በዘቢድ ወደ ነበረው የቱርክ ገዥ ልኮ በመቶ የሚቈጠሩ ነፍጠኞችና መድፎች አስመጣ። ክሪስቶፎር ግን ከባሕር የሚመጣለት ርዳታ አልነበረውም፤ የጠበቀውም ዐፄ ገላውዴዎስን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከደቡብ ወደ እሱ ለመምጣት ይጓዙ ነበር፤ ሆኖም የተከተሏቸው ሰዎች እጅግ ጥቂት መሆናቸውን ሰማ።

የስሜን ነገር የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው። በስሜን ቤተ እስራኤል የሚኖሩበት አንድ ጠንካራ አምባ ነበረ፤ በዚያን ጊዜ የኢማሙ ወታደሮች ይዘውት ነበር። የአምባው አለቃ የነበረ አንድ ቤተ እስራኤል ወደ ክሪስቶፎር መጥቶ ጠባቂዎቹ ጥቂት መሆናቸውን፣ በአምባው ላይ ብዙ ፈረሶች መኖራቸውን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሊያልፉ የሚችሉት በዚያ በኩል መሆኑን ነገረው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ መንገዱን የሚመራው የአገሩ ሰው ሆነ። ክሪስቶፎር 100 ያህል ፖርቱጋሎች መርጦ፣ ሌላውን ሠራዊት ከእቴጌይቱ ጋር በወፍላ ትቶ፣ በስውር ገሠገሠ።

በመካከሉ ተከዜ አለ። ተከዜን በነሐሴ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል፤ በበጋ ልጅ የሚሻገረው ውኃ በክረምት ዛፍ ነቅሎ የሚሄድ ነው። ክሪስቶፎር ግን ውኃ ሲያይ የሚቆም ሰው አልነበረም። ግንዱን በግንድ ላይ አሳስረው ታንኳ አበጁ፤ ቆዳም በአየር ነፍተው አቈራኙና ነፍጡንና ባሩዱን ሳያርሱ ተሻገሩ። ከምጽዋ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ የመርከበኛነት ሥራውን የሠራው በተከዜ ላይ ነው ለማለት ይቻላል። ከዚያም ወደ ስሜን ወጥቶ አምባውን በድንገት ያዘ፤ ፈረሶቹም በእጁ ገቡ። የአምባው የቀድሞ አለቃም ሹመቱ ተመለሰለት።

በስሜን የኖረ ሰው የዚያን ጉዞ ክብደት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ እግር ይረዳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ከእሷ በስተምሥራቅ ያሉት ተራሮች ደግሞ በራስ ዳሸን ከ4500 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በነሐሴ ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ይሸፍናል፤ ጭቃው የበቅሎን እግር ይይዛል፤ ሌሊቱ ከገብስ እርሻው ላይ ውርጭ የሚጥልበት ጊዜም ሩቅ አይደለም። በሕንድ ጠረፍ ሙቀት የኖሩ ሰዎች ነፍጥ ተሸክመው እዚህ ወጡ። ለዚህ ነው ፈረሶቹን በፍጥነት መመለስ ያልቻሉት። ክሪስቶፎር ኢማሙ በወፍላ ላይ ሊነሣ መዘጋጀቱን ስለ ፈራ፣ ፈረሶቹን ቀስ ብለው የሚያመጡ 30 ያህል ሰዎች ከኋላ ትቶ እሱ ቀደመ። የደረሰውም በውጊያው ዋዜማ ነው፤ ፈረሶቹ ግን ከውጊያው በኋላ ደረሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብሎ መመርመር ይገባል። ብዙ ሰዎች ክሪስቶፎር ወደ ኋላ ማፈግፈግና ንጉሠ ነገሥቱን መጠበቅ ሲችል በወጣትነት ችኰላ ጠፋ ይላሉ። በእርግጥ በመርከብ የተማረው ፈጥኖ መወሰን በዚህ ጊዜ ከድቶታል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሌላም ምክንያት ነበረው። ሠራዊቱ የሚበላው ሕዝቡ ያመጣለትን ነው፤ ሕዝቡም የሚያመጣው ያሸንፋሉ ብሎ ስላመነ ነው። ባንድ ሌሊት ሰፈሩን ለቆ ቢሄድ በማግስቱ እህል የሚሰጠው ገበሬ፣ መንገድ የሚያሳየው ባላገር አያገኝም ብሎ ሠጋ። መርከብ ከወደብ ሲሸሽ ስንቁን ይዞ ይሸሻል፤ የየብስ ሠራዊት ግን ሲሸሽ ስንቁን በገበሬው ጎተራ ትቶ ነው። ክሪስቶፎር ይህን ማወቁ በአንድ ዓመት ውስጥ ስለ የብስ ኑሮ ብዙ መማሩን ያሳያል። ያልተማረው ቢኖር የሕዝብ እምነት እንደ ነፋስ ሄዶ የሚመለስ መሆኑን፣ የሞተ ሰው ግን የማይመለስ መሆኑን ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1534 ዓ.ም. በወፍላ ጦርነት ሆነ። ዕለቱ የዐዲስ ዓመት ዋዜማ ነበረ። የቱርኮቹ ነፍጥና መድፍ ፖርቱጋሎቹን አጨዳቸው፤ ሰፈሩም ተያዘ። ክሪስቶፎር በጥይት ክንዱ ተሰብሮ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ሸሸ፤ ነገር ግን ጠላት ደረሰበትና ተማረከ። በኢማሙ ፊት ቀርቦ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ቢጠየቅ እንቢ አለ፤ ብዙ ሥቃይም ከተቀበለ በኋላ አንገቱ ተቀላ። የሞተበት ቀን መስከረም 1 ቀን 1535 ዓ.ም. ነው ተብሎ ይቈጠራል። የአገራችን ሕፃናት ዐደይ አበባ በሚቀጥፉበት ቀን የ26 ዓመት ጐልማሳ ከባሕርም ከአገሩም ርቆ ሞተ።

ታሪኩ በዚህ ቢፈጸም የአንድ ጀግና ሞት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚነካኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከመቶ የሚበልጡ ፖርቱጋሎች ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ከወፍላ አመለጡ። ወዴት ይሂዱ? ምጽዋ ሩቅ ነው፤ ቢደርሱም የሚጠብቃቸው መርከብ የለም። የሄዱት ክሪስቶፎር ከጥቂት ቀን በፊት ወደ ያዘላቸው ወደ ስሜኑ አምባ ነው። ያ አምባ ባይያዝ ኖሮ መጠጊያ አይኖራቸውም ነበር። የአምባው ሰዎችም ተቀበሏቸው። ዐፄ ገላውዴዎስ በጥቂት ሰዎች ታጅበው ከእናታቸውና ከእነዚህ ስደተኞች ጋር የተገናኙት በስሜን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ክሪስቶፎር ሞት አዘኑ፤ እንግዶቹንም አጽናንተው በአገራቸው ላይ እንዳሉ እንዲቈጥሩ ነገሯቸው፤ ልብስና በቅሎም ሰጧቸው።

በስሜን የቈዩባቸው ወራት እነዚህን የባሕር ሰዎች እንደ ለወጧቸው አምናለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በምድራችን ላይ ይጓዙ የነበሩት እንደ መርከብ ሠራተኞች ነው፤ አንድ አዛዥ አላቸው፤ ሥራቸውን ፈጽመው ወደ መርከባቸው ይመለሳሉ። አሁን አዛዡ ሞተ። ሌላ አለቃ ምረጡ ቢባሉ፣ ከክሪስቶፎር በኋላ ሌላ አንሾምም፣ የምንከተለው ሰንደቅ ዓላማችንንና ንጉሠ ነገሥቱን ነው አሉ። ያለ አዛዥ የቀረ መርከብ ይጠፋል፤ እነሱ ግን አልጠፉም። በአምባው አካባቢ ለባሩድ የሚሆን ጨውና ዲን አገኙ፤ ከመካከላቸውም የመቀመሙን ጥበብ የሚያውቅ ሰው ተርፎ ስለ ነበረ ባሩዱን በዚያው ሠሩ። በደብረ ዳሞ በአደራ ተቀምጦ የነበረውን ትርፍ መሣሪያ ልከው አስመጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰው እስኪሰበሰብላቸው ጠበቁ፤ እነሱም ቂማቸውን ለመበቀል ቢቸኩሉም በግድ ጠበቁ። ከመስከረም እስከ የካቲት ቤታቸው ስሜን ሆነ።

በየካቲት ወር 1535 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስ ወደ 8000 እግረኛና 500 ፈረሰኛ ይዘው ከስሜን ወረዱ። በዚያው ወር መጨረሻ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በወይና ደጋ ከኢማም አሕመድ ጋር ተዋጉ። ኢማሙ ቱርኮቹን አብዛኞቹን አሰናብቶ ስለ ነበረ ኀይሉ ቀንሶ ነበር። ኢማም አሕመድ በፖርቱጋል ነፍጠኛ ጥይት ተመትቶ ወደቀ፤ የ14 ዓመቱም ጦርነት አቅጣጫው ተለወጠ። በወፍላ የተሸነፉት ሰዎች በወይና ደጋ ያሸነፉት በስሜን መጠበቅን ተምረው በመምጣታቸው ነው።

ከዚህ በኋላ ባሕሩ እንደ ገና ጠራቸው። ድሉ ከተገኘ በኋላ ከተረፉት ፖርቱጋሎች አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው መመለስ ፈለጉ። ይህን ዘመቻ የጻፈልን ሚጌል ዴ ካስታኞሶ የተባለው ወታደር ከእነሱ አንዱ ነበረ። በ1536 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር ወደ ምጽዋ ወረደ። ለዓመታት ሲመኙት የነበረውን መርከብ በእርግጥ አገኙት፤ ግን አንዲት ትንሽ ጀልባ መሳይ መርከብ ብቻ ነበረች፤ ሁሉንም ልትይዝ አልቻለችም። ካስታኞሶ ተሳፈረ፤ መጽሐፉም በ1556 ዓ.ም. በሊዝቦን ታተመ። ሌሎቹ ግን ሸራዋ ከዐይናቸው እስኪጠፋ አይተው ፊታቸውን ወደ ደጋው መለሱ። ከምጽዋ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር የሚወስደውን መንገድ በእግራቸው ሁለተኛ ጊዜ ሲወጡ በልባቸው ምን ነበረ? መጀመሪያ ሲወጡት ዘማቾች ነበሩ፤ አሁን ሲወጡት ግን ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ።

ቤት አላቸው ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዐፄ ገላውዴዎስ ርስትና ጉልት ሰጥተዋቸው ነበር። ከአገሩ ሴቶች ጋር ተጋቡ፤ ልጆች ወለዱ። የሸራ ገመድ ይስብ የነበረው እጅ ሞፈር ጨበጠ፤ ወይም በንጉሡ ሠራዊት ነፍጥ ተሸከመ። በ1549 ዓ.ም. የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባቶች እነዚህን ቤተ ሰቦች በአገሩ ውስጥ ተተክለው አገኟቸው፤ በዓድዋ አጠገብ ባለችው በፍሬሞናም ብዙዎቹ ይኖሩ ነበር። የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች የሚናገሩት የእናታቸውን ቋንቋ ነው፤ ባሕርን ያላየ የመርከበኛ ልጅ ማለት እነሱ ናቸው። ኋላ የሃይማኖት ጠብ ተነሥቶ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የኢየሱሳውያን አባቶች ከአገር ሲወጡ እነዚህም ቤተ ሰቦች መከራ ደርሶባቸዋል። እንግድነት ከመቶ ዓመት በኋላም እንደ ገና ሊታሰብ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ያም ቢሆን ብዙዎቹ ከሕዝቡ ጋር ተዋሕደው ቀርተዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። የባሕር ልማድ በየብስ ምን ጠቀማቸው? ገመድን አለመፍራት፣ ውኃን መሻገር፣ በእጅ ያለውን ነገር ጠግኖ መሥራት፣ ወቅትን መጠበቅ ጠቀማቸው። ምን ጎዳቸው? በአንድ ሰው ቃል ብቻ መተማመንና ሁልጊዜ ከኋላ የሚጠብቅ መርከብ እንዳለ ማሰብ ጎዳቸው። ክሪስቶፎር የመጀመሪያዎቹን ይዞ በጀግንነት ሞተ። ጓደኞቹ ግን የቀረውን ከስሜን ተማሩ፤ መርከብ የሌለው ሰው የሚድነው በሰው መሆኑን ተረዱ። መንገድ ያሳያቸው ቤተ እስራኤሉ፣ እህል ያመጣላቸው ገበሬ፣ ከእነሱ ጋር የተንከራተቱት እቴጌ፣ እንግዶች አይደላችሁም ያሏቸው ወጣት ንጉሥ ባይኖሩ ኖሮ ስማቸውም አይነሣም ነበር።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ እንበታተናለን። አንዳንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዳንዱ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላውም ወደማናውቀው ቈላ ይሄዳል። በዳባት ገበያ የሚያውቀን፣ በደባርቅ መንገድ ሰላም የሚለን ሰው በዚያ አይኖርም። ከቤታችን የያዝነው ልማድ አንዳንዱ ይጠቅመናል፤ አንዳንዱም ለዚያ አገር አይስማማም። በዚያን ጊዜ ከኋላችን መርከብ እንደሚጠብቀን ሰው አንድ እግራችንን በወደብ አንድ እግራችንን በየብስ አድርገን ባንቀመጥ መልካም ይመስለኛል። ደግሞም እኛ ተቀባዮች በምንሆንበት ጊዜ፣ ከሩቅ መጥቶ መመለሻ ያጣ ሰው በደጃችን ሲቆም፣ የስሜን ሰዎች በመስከረም 1535 ዓ.ም. ያደረጉትን እናስብ። እነዚያ ሰዎች ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን ከክሪስቶፎር ዳ ጋማ ሥራ አያንስም።